በስምሽ ቤት ሳይኖር ብድር ለመጠየቅ

«ለሴት ብድር አይሰጡም» የሚለውን ወሬ ተዪው። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። እውነተኛው ማነቆ መያዣ ነው፤ ቤቱም መኪናውም ብዙ ጊዜ ያለው በአባት ወይም በባል ስም ነው። ስለዚህ ባንክ ደጃፍ ከመድረስሽ በፊት ቢያንስ ሥራሽ በስምሽ ይሁን።

እንጀራ ጋግረሽ ለሆቴል የምታስረክቢ ከሆነ ንግድ ፈቃዱም ቲን ቁጥሩም በአንቺ ስም ይውጣ። «በባለቤቴ ንግድ ፈቃድ እየሠራሁ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» የሚሉ አሉ። በደንብ አለው! እሳት ላይ የምትውዪው አንቺ፣ በወረቀት ነጋዴው እሱ።

ሽያጭሽን በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀበዪ፤ እጅ በእጅ የተቀበልሽውን ብር አበዳሪ አያየውም። ዕቁብ ሲደርስሽም መጀመሪያ አካውንትሽ ውስጥ ይግባ። (ዕቁቡን አቋርጪ አላልኩም፤ ያለ ወለድ ማን ያበድርሻል?)

ያገባሽ ከሆነ ይሄን ልብ በዪ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ሕጉ የ1992 ነው፤ ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ገበያ የምትወጪው አንቺ ታውቂዋለሽ። እና ነገሩን ለባልሽ ቀደም ብለሽ አስረጂው፣ ፊርማ በሚፈለግበት ቀን ጠዋት አይሁን። እሱም ሲበደር ስምምነትሽ ያስፈልገዋልና ሳታነቢ አትፈርሚ። ላላገባችው ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ወረዳ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

መያዣም ቤት ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን፣ ከብት፣ ሰብል፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ፣ ሆቴሉ ያልከፈለሽ ሂሳብ እንኳ መያዣ መሆን ይችላል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን ሁሉም አበዳሪ ይቀበላል ማለት አይደለም። «በተንቀሳቃሽ ንብረት ታበድራላችሁ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ምክንያቱን ጠይቂና ወደ ሌላ ሂጂ፤ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ለምሳሌ ሴቶችን ለማገዝ ታስቦ የተቋቋመ ነው።

መጠኑ አነስ ያለ ከሆነ በማይክሮፋይናንስ የቡድን ዋስትና አለ። እዚህ ላይ ጓደኝነት አያታልልሽ። አብራሽ የፈረመችው ካልከፈለች ዕዳው አንቺም ጋ ይመጣል፣ ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ሌላ ብድር እንዳለባት ፊት ለፊት ጠይቂያት።