በኢንቴል ፕሮሰሰር ትሬስ የፕሮግራምን መንገድ መከታተል

ለወራት በሰላም ሲሠራ ቆይቶ አልፎ አልፎ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ምላሹ የሚዘገይ፣ የሎግ መስመር ሲጨመርበት ደግሞ ስህተቱ የሚሰወር ፕሮግራም ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። እያንዳንዱ የሎግ መስመር ጊዜ ስለሚወስድና ትሬዶች እርስ በርስ የሚጠባበቁበትን ቅደም ተከተል ስለሚለውጥ፣ ስህተቱን ለማየት ያስገባነው ኮድ ራሱ ስህተቱን ያጠፋዋል። ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተሻለው መፍትሔ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያለፈበትን መንገድ እንዲመዘግብ ማድረግ ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ በቅርብ የሚገኘው መሣሪያ ኢንቴል ፕሮሰሰር ትሬስ፣ በአጭሩ ኢንቴል ፒቲ ነው። ይህ አገልግሎት ብሮድዌል በተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ተጀምሮ በስካይሌክ ትውልድ የተሻሻለ ሲሆን፣ የሊኑክስ ከርነል በ2015 መደገፍ ጀመረ።

ከትእዛዞቹ በፊት አሠራሩን መረዳት ይበጃል፤ በኋላ የሚገጥሙት እንቅፋቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ፕሮሰሰሩ የፈጸመውን ትእዛዝ ሁሉ አይጽፍም፤ የሚጽፈው ከኮዱ ብቻ ሊታወቅ የማይችለውን ነው። ቅድመ ሁኔታ ያለው ዝላይ ሲገጥመው መዝለሉን ወይም አለመዝለሉን በአንድ ቢት ይመዘግባል። ቢቶቹ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ የመረጃ ጥቅሎች ይጻፋሉ። አጭር በሆነው የፓኬት ዓይነት ውስጥ ከ8ቱ ቢቶች አንዱ የፓኬቱን ዓይነት፣ ሌላው የዝርዝሩን መጨረሻ ስለሚያመለክት፣ በአንዲት ባይት እስከ 6 የሚደርሱ የዝላይ ውሳኔዎች ይሰፍራሉ፤ በረጅሙና 8 ባይት በሚይዘው ዓይነት ደግሞ እስከ 47። መድረሻው በሥራ ላይ እያለ ብቻ የሚታወቅ ዝላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ በፖይንተር የተጠራ ፈንክሽን ከሆነ፣ የመድረሻው አድራሻ በተለየ ፓኬት ይጻፋል። በየመገንጠያው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብቻ እያለ የሚነግረንን መንገደኛ ጉዞ ካርታውን ይዘን እንደምንከተለው ሁሉ፣ ዲኮደሩም (የተቀረጸውን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሙሉውን ጉዞ መልሶ የሚገነባው የፕሮግራሙን ፋይል ከትሬሱ (ፕሮሰሰሩ ከመዘገበው መንገድ) ጋር አጣምሮ ነው። ስለዚህ ትሬሱ ከተቀረጸ በኋላ ፕሮግራሙ እንደገና ኮምፓይል ከተደረገና የቀድሞው ፋይል ካልተቀመጠ፣ የተቀረጸው መረጃ ትርጉም ያጣል። ትሬሱን የሚቀርጸውና የሚያነበው የሊኑክስ መሣሪያ ፐርፍ የፋይሎቹን ቅጂ በቢልድ አይዲ (የእያንዳንዱ ፋይል መለያ) መሸጎጫው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ትሬሱን ወደ ሌላ ማሽን ለመውሰድ ግን ፐርፍ አርካይቭ በተባለው ትእዛዝ ፋይሎቹንም ጠቅልሎ መውሰድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ማሽኑ አገልግሎቱ እንዳለው ይረጋገጥ። በፕሮክ ፎልደር ሥር ባለው የሲፒዩኢንፎ ፋይል ውስጥ ከባንዲራዎቹ መካከል የኢንቴል ፒቲ ስም መኖር አለበት። በኪራይ በሚገኙ ቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ስለማይታይ፣ ሙከራውን በአካል በሚገኝ ማሽን ላይ ማድረግ ይመረጣል። ቀጥሎ ፈቃድ ይመጣል፦ ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ የተባለው የከርነል ቅንብር 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም መቅረጽ ይችላል፤ አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ግን ቁጥሩን ከዚያ ከፍ ስለሚያደርጉት ትእዛዙ ገና ሲጀመር ይከለከላል። የተራ ተጠቃሚ የትሬስ ቋት (ትሬሱ ለጊዜው የሚከማችበት ሜሞሪ) መነሻ መጠን 128 ኪሎባይት፣ የሩት (የሥርዓቱ አስተዳዳሪ) ደግሞ 4 ሜጋባይት ነው፤ ሁለቱም ለቁም ነገር ሥራ ያንሳሉ።

አሁን ወደ ቅረጻው እንግባ። ፐርፍ ሪከርድ ኢንቴል ፒቲን እንደ ኢቨንት ተቀብሎ፣ በተጠቃሚ ኮድ ብቻ ተወስኖ ሲሠራ ፕሮግራሙ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ በጥቂት በመቶ ነው። ሆኖም ከጅምር እስከ ፍጻሜ ሁሉንም መቅረጽ የጀማሪዎች ፈተና ነው፤ አንድ ኮር በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊያመነጭ ይችላል፣ ዲኮድ ማድረጉ ደግሞ ከመቅረጹ በመቶ ወይም በሺህ እጥፍ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። እኔ አጥብቄ የምመክረው የስናፕሾት ዘዴን ነው። በዚህ ዘዴ ፕሮሰሰሩ ያለማቋረጥ በዙሪያዊ ቋት ላይ ይጽፋል፣ አዲሱ አሮጌውን ይሽራል፣ ፐርፍም ቋቱን ወደ ፋይል የሚያስቀምጠው ሲግዩኤስአር2 የተባለው ሲግናል ሲደርሰው ብቻ ነው። ቋቱ 64 ሜጋባይት ቢሆንና ኮሩ በሴኮንድ 200 ሜጋባይት ቢጽፍ፣ በእጃችን የሚቀረው የመጨረሻው የሴኮንድ ሢሶ ገደማ ነው። ሰው በስክሪን ላይ መዘግየቱን አይቶ ሲግናል እስኪልክ ይህች መስኮት ታልፋለች፤ ስለዚህ ሲግናሉን ፕሮግራሙ ራሱ ይላከው። ምላሹ ከተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍ ወዲያው ለፐርፍ ሲግናል የምትልክ አጭር ኮድ ማስገባት ከሎግ ጋር አንድ አይደለም፣ ምክንያቱም ኮዷ የምትሠራው ስህተቱ ከተከሰተ በኋላ ነው።

የተቀረጸው ፋይል በፐርፍ ስክሪፕት ይነበባል። መጀመሪያ የፈንክሽን ጥሪዎችን ብቻ ማውጣት ይሻላል፤ ጊዜው የተዘለለበት ቦታ፣ ለምሳሌ አንድ ፈንክሽን ሁልጊዜ ከሚወስደው እጅግ የረዘመበት ጥሪ ሲታይ፣ የጊዜውን ክልል አጥብቦ ያንኑ ክፍል በትእዛዝ ደረጃ መዘርዘር ይቻላል። የጊዜ ምልክቶቹ ከተራራቁ ከስካይሌክ ጀምሮ ያለውን የሳይክል ፓኬት (የፕሮሰሰሩን የሰዓት ምት የሚቆጥር ፓኬት) መክፈት ልዩነቱን ያጠራዋል፣ የመረጃውን ብዛት ግን ይጨምራል። በመካከል የትሬስ ስህተት የሚል መልእክት ሲደጋገም መረጃው ከአቅም በላይ ሆኖ ፓኬቶች ጠፍተዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሳይክል ፓኬቱን መዝጋት፣ ወይም በአድራሻ ማጣሪያ አንድን ፈንክሽን ብቻ መቅረጽ ይረዳል። በጃቫና መሰል ቋንቋዎች ግን ኮዱ በሥራ ላይ እያለ በሜሞሪ ውስጥ ስለሚፈጠር፣ ተጨማሪ ዝግጅት ካልተደረገ ዲኮደሩ የሚመለከተው ፋይል አያገኝም።

በዲባገር መሥራት የሚመርጥ ሰው በጂዲቢ ውስጥ ሪከርድ ቢትሬስ ፒቲ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ፕሮግራሙን ያስኬድ፤ ሲወድቅ ሪከርድ ፈንክሽን-ኮል-ሂስትሪ ወደ ውድቀቱ ያደረሱትን ጥሪዎች ያሳየዋል፣ ሪቨርስ-ስቴፕ ደግሞ ወደ ኋላ ያራምደዋል። ስታኩ (የፈንክሽን ጥሪዎች የሚያዙበት ሜሞሪ) ተበላሽቶ ባክትሬስ (ከስታኩ የሚነበበው የጥሪዎች ዝርዝር) የማይታመንበት ጊዜ ይህ ዘዴ ዋጋው ታላቅ ነው፣ ምክንያቱም ምስክርነቱ የሚመጣው ከተበላሸው ሜሞሪ ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ነው። የጂዲቢ ቋት በመነሻው 16 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ሪከርድ ከመጀመሩ በፊት ይስፋ። ወደ ኋላ በሚኬድበት ጊዜ ግን የተለዋዋጮችን ዋጋ መጠየቅ ውጤት የለውም፤ ትሬሱ መንገዱን እንጂ ዳታውን አልያዘምና። አንድ ዋጋ የግድ ካስፈለገ፣ በአዳዲስ ፕሮሰሰሮች ላይ የሚገኘው ፒቲራይት የተባለው ትእዛዝ በኮዱ ውስጥ ተጨምሮ ዋጋውን ወደ ትሬሱ ሊጽፍ ይችላል።