ልጅ ስትፈልጉ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ እንዴት መከታተልና ማገዝ ይቻላል

ልጅ እየፈለጉ ወራት የሚያልፍባቸው ብዙ ባልና ሚስት እንቁላል የሚወጣው የወር አበባ ከጀመረ "በ14ኛው ቀን" ነው ሲባል ሰምተው ያችን አንድ ቀን ብቻ ይጠብቃሉ። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለማርገዝ የሚያመቹት እንቁላሏ የምትወጣበት ቀንና ከእሱ በፊት ያሉት 5 ቀናት፣ በድምሩ 6 ቀን ናቸው። ዘሩ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ አለበት።

መጀመሪያ፦ ደብተር ያዢ

የወር አበባሽ ደም በደንብ መፍሰስ የጀመረበትን ቀን 1 ብለሽ ጻፊ። ከዚያ በፊት የሚታየው ጠብታ አይቆጠርም። ለዚህ ሥራ የእኛ አቆጣጠር ይመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ጳጉሜን ላይ ብቻ 5 ወይም 6 ቀን ትጨምሪያለሽ። ጎጃም ገጠር ያለች ሴት ደግሞ ወትሮም ቀኑን የምታስታውሰው በታቦት ነው። "በሚካኤል መጣብኝ" ካለች 12 ማለት ነው።

ለምሳሌ የወር አበባሽ ጥቅምት 12 መጣ፣ ቀጣዩ ኅዳር 10 ሆነ እንበል። ዑደትሽ፣ ማለትም ከአንዱ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ 28 ቀን ነው። በዚያው ከቀጠለ የሚቀጥለው ታኅሣሥ 8 ይመጣል። እንቁላል በብዛት የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሆነ ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ ኅዳር 24 ላይ ያርፋል። እንግዲህ የምትጠብቂያቸው ቀናት ከኅዳር 19 እስከ 24 ናቸው።

ዑደትሽ ከወር ወር የሚለያይ ከሆነ ቢያንስ የ6 ወር መዝገብ ይዘሽ ከአጭሩ ላይ 18፣ ከረጅሙ ላይ 11 ቀንሺ። አጭሩ 26፣ ረጅሙ 31 ከሆነ ከ8ኛው እስከ 20ኛው ቀን ያለውን ጊዜ ትከታተያለሽ። ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ዑደት ጤናማ ነው። ከዚያ ካጠረ ወይም ከረዘመ፣ ወይም ሦስት ወር ያህል ከጠፋ፣ መቁጠሩን ትተሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ቀጥሎ፦ ፈሳሹን ተመልከቺ

ከመንገዶቹ ሁሉ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ እንቁላሏ ከመውጣቷ በፊትም ይናገራል። የወር አበባሽ ካለቀ በኋላ ለጥቂት ቀናት ደረቅ ትሆኛለሽ። ከዚያ ወፈር ያለ፣ የሚያጣብቅ፣ ነጣ ያለ ፈሳሽ ይመጣል። ጥቂት ቆይቶ እየቀጠነ፣ እየጠራ፣ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሽንት ቤት ስትሄጂ እጅሽን ታጥበሽ ፈሳሹን በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል ያዥውና ጣቶችሽን ቀስ ብለሽ አራርቂ። ሳይበጠስ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ከተሳበ ቀኑ ደርሷል። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ ያየሽበት የመጨረሻው ቀን እንቁላሏ ለምትወጣበት ቀን እጅግ የቀረበ ነው። በማግስቱ ተመልሶ ይወፍራል ወይም ይደርቃል። ብልትሽን ውስጥ ድረስ በሳሙና አትታጠቢ፤ ምልክቱን ያጠፋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። የሚሸት፣ የሚያሳክክ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ፈሳሽ ግን የሕመም ምልክት ስለሆነ ሕክምና ይፈልጋል።

ከፈለግሽ፦ ሙቀት መለኪያና የሽንት ምርመራ

ዲጂታል ሙቀት መለኪያ ትራስሽ ሥር አኑሪ። ጎጃም ደጋ ላይ ሴቷ ጎህ ሲቀድ ለምድጃ ትነሣለችና ከመነሣትሽ በፊት፣ ውሃም ሳትቀምሺ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ምላስሽ ሥር ለኪ። እንቁላል ከወጣች በኋላ ሙቀቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆያል። ይህ እንቁላሏ መውጣቷን የሚያረጋግጠው ካለፈ በኋላ ነው፤ ጥቅሙ ለሚቀጥለው ወር ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የሽንት መመርመሪያ ደግሞ እንቁላሏ ከመውጣቷ ከ24 እስከ 36 ሰዓት አስቀድሞ ያሳያል። መመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ የምርመራው መስመር ከመቆጣጠሪያው መስመር እኩል ወይም የጠቆረ ሲሆን ብቻ ነው ደረሰ የሚባለው።

ቀኑ ሲደርስ

በእነዚያ ቀናት በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለላችሁ መገናኘት ይበቃል። ምሳሌው ላይ ያሉት ቀናት ኅዳር 15 በሚገባው በነቢያት ጾም ውስጥ እንደሚወድቁ ልብ ብላችሁ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብን ጠብቃችሁ የምትታቀቡ ብትሆኑም ዘሩ ቀናት ስለሚቆይ የቀሩት ቀናት ያደርሳሉ። በረጅሙ ጾም ሙሉ በሙሉ የምትታቀቡ ከሆነ ግን እነዚያን ወራት እንደ ከሸፈ ሙከራ አትቁጠሯቸው፤ ጥያቄ ካላችሁም ሁለታችሁም ሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ቫዝሊን፣ ዘይትና ምራቅ ለማለስለሻ አትጠቀሙ።

ሰውነትሽን አግዢው

ሆድ ባዶ ሆኖ ውሃና እንጨት ተሸክሞ መዋል፣ በዚያም ላይ ክብደት መቀነስ፣ እንቁላል መውጣቱን ሊያቆም ይችላል። በጾም ወራት ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን አብዢ፤ ጾሙ ሲፈታ እንቁላልና ወተት ጨምሪ። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ዑደትን ያዛባል። አንገትሽ ላይ እንቅርት ካለ ተመርመሪ፤ የታይሮይድ ችግር ዑደትን ያናውጣል። አዮዲን ያለውን ጨው ከድነሽ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ከማርገዝሽ ቢያንስ 1 ወር አስቀድመሽ ጀምሪ። የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራው ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነውና ጎመኑ ብቻውን አይበቃም። አረቄ፣ ጠላና ጫት ይቅሩ፤ ቡናውም ይቀነስ። "ማህፀን ይከፍታል" እየተባለ የሚሰጥ ሥር አትጠጪ። ጠበልሽን እየተጠመቅሽ ሕክምናውንም መከታተል ትችያለሽ።

የሦስት ወር መርፌ ስትወጊ ከነበረ ታገሺ። መርፌውን ካቆምሽ በኋላ እንቁላል ለመመለስ እስከ 1 ዓመት ሊዘገይ ይችላል፤ መካን ሆነሻል ማለት አይደለም። ክንድ ላይ የሚቀበረው ግን ከወጣ ብዙ ሳይቆይ እርግዝና ሊመጣ ይችላል።

መቼ ወደ ሐኪም

ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ ከ1 ዓመት፣ 35 ከሞላሽ ከ6 ወር ሙከራ በኋላ ሂዱ። ከባድ የሆድ ሕመም ካለብሽ ወይም የአባላዘር በሽታ ካጋጠመሽ ሳትቆዪ ሂጂ፤ እንቁላሏ የምታልፍበት የማህፀን ቱቦ ተዘግቶ ከሆነ ቀን መቁጠር አያሳየውም። ከጤና ጣቢያው ተጽፎልሽ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ስትሄጂ ደብተርሽን ያዢ።

ባልሽም አብሮ ይምጣ። በአካባቢያችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው በሴቷ ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት የፈረሰ ትዳር ብዙ ነው። ልጅ ከዘገየባቸው ባልና ሚስት ግማሽ ያህሉ ዘንድ ግን የወንዱም ድርሻ አለበት። የእሱ ምርመራ ከአንቺው ይልቅ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሹን ናሙና መስጠት ብቻ ይጠበቅበታል።