ዘይትን ከውኃ የሚለይ ሜምብሬን ስንቀባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሜምብሬንን፣ ማለትም ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉትን ስስ ማጣሪያ፣ ውኃ ወዳድ በሆነ ቅብ መሸፈን የጀመረ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ፎቶግራፍ ይዞልኝ ይመጣል። ውኃ ውስጥ በተነከረው ሜምብሬን ላይ የዘይት ጠብታ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብላ ትታያለች፤ የንክኪ አንግሏም (ጠብታዋ ከሜምብሬኑ ፊት ጋር የምትሠራው አንግል፤ ሲሰፋ ዘይቱ አይጣበቅም ማለት ነው) ከ150 ዲግሪ በላይ ነው። ደስታው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፎቶግራፉ የሚያረጋግጠው ቅቡ በዚያች ቀን በቦታው መኖሩን ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ጽናትን በንጹሕ ውኃ መፈተን ነው። በሥራ ላይ ያለ ሜምብሬን በዘይት ሲደፈን የሚታጠበው በኮስቲክ ሶዳና በበረኪና ስለሆነ፣ እነዚህን የማይችል ቅብ ውኃ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥም ጸና አይባልም። እኔም ወድቄበታለሁ። ፒቪዲኤፍ የተባለውን ውኃ የማይወድ የፕላስቲክ ሜምብሬን በተለመደው መንገድ፣ ማለትም በሊትር 2 ግራም ዶፓሚን በያዘና ፒኤቹ 8.5 በሆነ የትሪስ (ፒኤችን የሚያጸና ውህድ) መፍትሔ፣ ከዶፓሚን በሚፈጠረው ቡናማ ቅብ በፖሊዶፓሚን ቀባሁና ለአንድ ወር ውኃ ውስጥ አቆይቼ «አልተለወጠም» ብዬ መዘገብሁ። ባልደረባዬ ቁራጩን ፒኤች 13 በሆነ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲነክረው ከጠርዙ ቡናማ ክር እየተሳበ ወጣ፤ ፈሳሹም ቀስ በቀስ ቀጭን ሻይ መሰለ። የፖሊዶፓሚን ክፍሎች በአመዛኙ እርስ በርስ የሚያያዙት በደካማ ትስስር ነው፤ በጠንካራ አልካላይ ውስጥ ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሚይዙ ይገፋፋሉ፣ ቅቡም ይፈርሳል። ፖሊኢቲሊንኢሚን ከተባለ ፖሊመር ጋር አብሮ መቀባትና ግሉታራልዴሃይድ በተባለ አስተሳሳሪ ኬሚካል ማስተሳሰር ለአልካላይ ያግዛል፤ በረኪና ግን ኦክሳይድ እያደረገ የሚበላ ስለሆነ ለብቻው መፈተን አለበት። በሜምብሬኑ ቀለምም አትታለሉ፤ ፒቪዲኤፍ ራሱ በጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ስለሚጠቁር፣ ቅቡ ታጥቦ ካለቀ በኋላም ቡናማ ሊሆን ይችላል። የእጣቢውን ቀለም ተመልከቱ፣ አንግሉንም እንደገና ለኩ።

ደረቅ ፒቪዲኤፍን በቀጥታ መፍትሔው ውስጥ መጨመርም የተለመደ ነው። ቀዳዳዎቹ አየር ስለያዙ የሚቀባው ፊቱ ብቻ ይሆናል፤ አስቀድሞ በኢታኖል ማርጠብና ሳይደርቅ በውኃ መተካት ይበቃል። ዕቃውን አትክደኑት፤ ፖሊዶፓሚን እንዲፈጠር ኦክስጅን ያስፈልጋል።

ቅብ በበዛ ቁጥር ይሻላል ብለው ሌሊቱን ሙሉ የሚተዉም አሉ። መፍትሔው ውስጥ የሚፈጠሩት ደቃቅ ቅንጣቶች የ0.22 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ላይ ሲከማቹ ፍሰቱ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱን በፓምፑ ላይ ማላከክ ይመጣል።

በመጨረሻም፣ ሄክሴንና (በዘይት ምትክ የሚያገለግል፣ ከውኃ የቀለለ ፈሳሽ) ውኃ በጥብጦ ማፍሰስ ፈተና አይደለም። ሄክሴኑ ደቂቃ ሳይሞላው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውኃው ከሥር ያልፋል፤ ሥራውን የሠራው የስበት ኃይል ነው። እንደ ኤስዲኤስ ያለ ሳሙናነት ያለው ነገር ጨምሩበት፣ ወተት መስሎ ሳይለያይ መቆየቱንም አረጋግጡ። በየዙሩ ካጠባችሁ በኋላ ፍሰቱን ለኩ፤ እኔ ማየት የምፈልገው የአሥረኛውን ዙር ቁጥር ነው።