ዕፅ ተገኘብህ ተብሎ ስትከሰስ ፍርድ ቤት ምን ብለህ ትመልሳለህ

ይሄን የምጽፈው የአክስቴ ልጅ ላይ ከደረሰው በኋላ ነው። ልጁ የመኪና ረዳት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው "ይችን ካርቶን ማርቆስ ለወንድሜ አድርስልኝ" ብሎ አደራ ሰጠው፣ አባይን ተሻግረው ደጀን ላይ ሲፈተሹ ካርቶኑ ውስጥ ካናቢስ ተገኘ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ክሱ ተነበበለትና ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ሲባል "አዎ ይዤ ነበር" ብሎ አረፈው፣ ደግነቱ ዳኛዋ ዝም ብላ አላለፈችውም፣ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር ብላ ጠየቀችው፣ "ኧረ በማርያም አላውቅም" ሲል ክዷል ተብሎ ተመዘገበለት። ያቺ አንዲት ጥያቄ ባትኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም።

ከጣቢያ እንጀምር። የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ፖሊስ ሲጠይቀው ደግሞ ዝም የማለት መብት አለው። ጣቢያ የሰጠው ቃልና ፍርድ ቤት ቆሞ የሚሰጠው የእምነት ክህደት ቃል (ክሱን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ ሲባል የሚመለሰው) የተለያዩ ናቸው፣ ጣቢያ ተናግሬያለሁና አለቀልኝ ብሎ ፍርድ ቤትም ያንኑ መድገም ግዴታ የለበትም።

የክሱ ወረቀት ሲደርሳችሁ አንቀፁን እዩ። ብዙ ጊዜ የወንጀል ሕጉ 525 ነው፣ መሸጥ ማዘዋወር ይዞ መገኘት ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያመጣል፣ ግን ንዑስ አንቀፆቹ እኩል ስላልሆኑ የትኛው እንደተጠቀሰ በደንብ አንብቡ። ክሱ ራሱ ስህተት ካለው፣ ቀኑ ወይ ቦታው ወይ ድርጊቱ ግልጽ ካልሆነ፣ መቃወሚያ የሚቀርበው ከእምነት ክህደቱ በፊት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ "ኖ ኮንቴስት በል፣ አላምንም አልክድም በል" ይላችኋል፣ እዛ አገር አለ፣ በኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እንዲህ ያለ መሀል ሰፋሪ መልስ የለም። ዝም ካልክ እንደካድክ ይቆጠራል (የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀፅ 133)፣ "አዎ፣ ግን" ካልክም እንደካድክ ይቆጠራል፣ እንዳመንክ የሚቆጠረው በክሱ ያለውን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ምንም ግን ስትቀበል ብቻ ነው (134)፣ ያኔ ፍርድ ቤቱ እዛው ጥፋተኛ ሊልህ ይችላል። እኛ ጎጃሞች ሰምና ወርቅ ለምደናል፣ ፍርድ ቤት ግን ወርቁን ፈልጎ አያወጣላችሁም፣ ስለዚህ በግልጽ ተናገሩ። ይዤ ነበር ግን አላወቅኩም ከሆነ እውነታችሁ፣ መልሱ "ወንጀሉን አልፈጸምኩም፣ ጥፋተኛ አይደለሁም" ነው፣ ይሄ ውሸት አይደለም፣ ምክንያቱም አስቦና አውቆ ማድረግ የወንጀሉ አንዱ ክፍል ነው። በስህተት አምናችሁ ቢመዘገብም ነገሩ ሲሰማ መካድ እንደነበረበት ከታወቀ ፍርድ ቤቱ በ135 ሊቀይረው ይችላል፣ እሱን ተማምኖ ግን ማንም አይዘናጋ።

በእውነት አድርጎት ከሆነና ማስረጃውም ከባድ ከሆነ ማመን ይጠቅማል። በወንጀል ሕጉ 82 ጥፋትን አውቆ መጸጸት ቅጣት ማቅለያ ነው፣ ከዚህ በፊት መልካም ጸባይ እንደነበረውም እንዲሁ፣ ስለዚህ የቤተሰብ ሁኔታና የሕመም ማስረጃ ካለ አዘጋጁ። የጥፋተኝነት ድርድር የሚባለውን (ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ ማመንን) የ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ያነሳዋል፣ ግን ጠበቃ ሳይኖር ማንም ሰው "እመን፣ ትፈታለህ" ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

ከካዳችሁ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። ምስክሮቹን መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቁ፣ ዕቃው ተመርምሮ ዕፅ መሆኑ ተረጋግጧል ወይ፣ ከናንተ እጅ እስከ ምርመራው ማን ይዞት ነበር፣ እነዚህን አትለፉ። ዐቃቤ ሕጉ በቂ ካላስረዳ ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ 141 መከላከያ ማስረጃ አቅርብ እንኳ ሳይባል በነጻ ይለቀቃል። ማስረጃው ያሳየው ከተከሰሰበት ቀለል ያለ ወንጀል ከሆነም በዚሁ ሕግ 113 አንቀፁ ተቀይሮ በቀለለው ወንጀል ሊፈረድ ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሽማግሌ መላክ እዚህ ጋ አይሰራም። አክስቴም መጀመሪያ የሮጠችው ሽማግሌ ፍለጋ ነበር፣ ግን ከሳሹ መንግስት ስለሆነ ታርቀናል ብሎ መዝገብ የሚያዘጋ ሰው የለም። ያንን ጉልበት ጠበቃ ፍለጋ ላይ አውሉት። አቅም ከሌለ ለዳኛው "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ፣ ሳላማክር ቃሌን አልሰጥም" ማለት ነው፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የእንጅባራ ወይ የዳንግላ ልጅ አዊኛ የሚቀለው ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው፣ አማርኛ እችላለሁ ብሎ በግማሽ ገብቶት እንዳይመልስ።

የኛ ልጅ አሁን የዐቃቤ ሕግ ምስክር ለመስማት ተቀጥሮለታል። ጠበቃው ካርቶኑን ከሰጠው ሰው ጋር የተደዋወሉበት የጥሪ ዝርዝር ከኢትዮ ቴሌኮም እንዲመጣ ፍርድ ቤቱን ጠይቋል፣ አክስቴ ደግሞ መናኸሪያ ካርቶኑን ሲቀበል ያዩትን ሁለት ልጆች አግኝታ ስማቸውን አስይዛለች።