በኢአርሲሲ1 አንቲቦዲ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንዲት የአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ይዞ ለማየት የሚያገለግል ሞለኪውል) ቲዩብ ሐዋሳ እስክትደርስ ያለውን ጣጣ የላብራቶሪ ሰው ያውቀዋል። ትዕዛዙ አለ፣ ምንዛሪው አለ፣ ጉምሩኩ አለ። ከዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በአይስ ቦክስ ትጓዛለች። ውስጧ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ማይክሮሊትር አይበልጥም። ስለዚህ አንዷም ጠብታ በከንቱ ስትፈስ ያንገበግበኛል።

ኢአርሲሲ1 የሰው ዲኤንኤ ሲጎዳ የሚጠግን ፕሮቲን ነው። ኤክስፒኤፍ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የተጎዳውን ክር ይቆርጣል። ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም ለመጠገን ይረዳል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ቲዩቡ ላይ የተጻፈውን ስም ማመን ነው። በ2006 አንድ ትልቅ ጥናት 8ኤፍ1 የተባለውን አንቲቦዲ ተጠቅሞ፣ ዕጢያቸው ውስጥ ኢአርሲሲ1 ያልታየ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች በሲስፕላቲን የበለጠ ይጠቀማሉ አለ። ተስፋው ትልቅ ነበር። በ2013 ግን ተመራማሪዎች ውጤቱን መድገም አቃታቸው። የያኔውና የኋለኛው የ8ኤፍ1 ምርት ቲሹውን እኩል አላቀለሙም። በገበያ ላይ ያሉ 16 አንቲቦዲዎች ሲፈተሹ፣ ከፕሮቲኑ አራት ዓይነቶች ጥገናውን በትክክል የሚሠራውን አንዱን ለይቶ የሚያሳይ አልተገኘም። 8ኤፍ1 ሌላ ፕሮቲንም እንደሚይዝ ታውቋል። ከዚህ ውጤት ጀርባ ሕክምናውን የሚጠብቅ ታካሚ እንዳለ አንርሳ።

መፍትሔው ግልጽ ነው። ጂኑ የጠፋበትን ሴል ከተለመደው ሴል ጎን ለጎን ጄሉ (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለያየው ንጣፍ) ላይ ጫኑ። ጂኑ በሌለበት ሴል ላይ ያው ባንድ (አንቲቦዲው የያዘውን ፕሮቲን የሚያሳየው መስመር) ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ አንቲቦዲው የያዘው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ሴል ከሌላችሁ ጂኑን በሲአርኤንኤ (siRNA፣ ጂኑ ፕሮቲን እንዳያመርት በሚያግድ አጭር አርኤንኤ) ዝም አሰኙትና ባንዱ መቀነሱን እዩ።

የባንዱን ቦታ ብቻ አይቶ መርካትም ያሳስታል። የኢአርሲሲ1 ክብደት በስሌት ወደ 33 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ነው፤ ጄል ላይ ግን ከዚያ ከፍ ብሎ ይታያል። እዚያው አካባቢ የሚወጡ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ሞልተዋል።

በዌስተርን ብሎት (በጄል የተለዩ ፕሮቲኖችን ወደ ሜምብሬን አዛውሮ በአንቲቦዲ የማየት ዘዴ) የሠራ አንቲቦዲ በቲሹ ላይም ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ለየሥራው ለየብቻው መፈተሽ አለበት።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሙሉውን ቲዩብ ሳልከፋፍል፣ በሠራሁ ቁጥር እያወጣሁ እያቀለጥኩ እመልሰው ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በራሱ ይቀልጣል። ባንዱ እየደበዘዘ ሲሄድ ጥፋቱን በሴሎቹ ላይ ጣልኩ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ባከነብኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። እናንተ በደረሰ ቀን በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍሉት። በርግጥ ግማሹ ግሊሰሪን የሆነ አንቲቦዲ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ እንደዚያ ያለውን አምራቹ በጻፈው መሠረት አስቀምጡ።

እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ሶዲየም አዛይድ፣ ኤችአርፒ (ባንዱ እንዲታይ የሚያደርግ ኢንዛይም) ባለው ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ማለትም የመጀመሪያውን በሚይዘው ላይ አትጨምሩ። ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፤ ሜምብሬኑም ባዶ ይሆናል።

አዲስ ቲዩብ ሲመጣ ደግሞ አሮጌው ሳያልቅ ሁለቱን በአንድ ናሙና ላይ አስተያዩ። የክሎኑን ስም (እንደ 8ኤፍ1 ያለውን) እና የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ቲዩቡ ላይ ያለው ጽሑፍ በፍሪዘር ውርጭ ቶሎ ይለቃል።