ልጃችሁን ትምህርት ቤት «ሴታሴት» ሲሉት

ድሬ ላይ ያለ ቅጽል ስም የሚያድግ ልጅ የለም። ቀጫጫውም፣ ወፍራሙም ስም ይወጣለታል፤ ተስቆ ያልፋል። «ሴታሴት» እና «ቡሽቲ» ግን እንደዚያ አያልፉም። ዛሬ ረፍት ሰዓት ላይ «ቀልድ ነው አቦ» የተባለው ነገ ሽንት ቤት በር ላይ ጥፊ ይሆናል፣ ከዚያ ተቀርጾ ቴሌግራም ላይ ይዞራል።

ልጁ ላይናገር ይችላል፤ ስድቡን ለእናቱ መድገም ራሱ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ምልክቱን እዩ። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፣ ቅዳሜ ግን ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ቤት ሲደርስ ይሮጣል። በባጃጅ ይመለስ የነበረው ልጅ በዚያ ፀሐይ በእግሩ፣ ያውም ዙሪያውን ዞሮ ይመጣል።

ስታናግሩት «እውነት ነው እንዴ?» ብላችሁ አትጀምሩ። በቃ፣ ከሰዳቢዎቹ ጋር ተሰለፋችሁ ማለት ነው። «ምን አሉህ? የት? ማን ነካህ?» በሉትና ስሙት። አካሄድህን አስተካክል፣ ድምፅህን አወፍር የሚለው ምክርም ይቅር። «ወንዳወንድ» ለምትባል ሴት ልጅም ያው ነው።

ትምህርት ቤት ስትሄዱ ጥንቃቄ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል፤ አረማመድን አይደለም፣ ግን ወሬ ይህን አይለይም። በር ላይ ቆማችሁ «ልጄን እንዲህ አሉት» ብላችሁ ከጮኻችሁ ስድቡ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ይጠብቃችኋል። የስድቡን ስም ትታችሁ ድርጊቱን ጻፉ፦ ሐሙስ ረፍት ላይ እነ እገሌ መቱት፣ በስልክ ቀረጹት። ለሆም ሩም መምህሩ ስጡ፣ ካልሰማ ለዩኒት መሪው፣ ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ። ማስረጃውን ያዙ፣ ለዘመድ ግን አትላኩ። ሁለቱን ልጆች አቁሞ «ይቅር ተባባሉ» ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ አልወደውም። የተጣሉ እኩዮች አይደሉም፣ አንዱ መቺ ነው፣ ሌላው ተመቺ።

«መኖር አስጠላኝ» ካለ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ የአይጥ መርዙንና መድኃኒቱን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውሰዱት። የምትወስዱት ጭንቀቱ እንዲቀልለት ነው፣ «እንዲስተካከል» አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግብረ ሰዶማዊነትን ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ቁልቢ ሄዳችሁ ብትጸልዩለት መልካም፤ ልጁን በግድ ጎትቶ ፀበል ማስገባት ግን ሌላ ዱላ ነው።

እስከዚያ ከትምህርት ቤት መልስ አብሮት የሚመጣ ሰው ፈልጉለት፣ የአክስት ልጅም ቢሆን። ትምህርት ቤቱ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ መቀየር ነውር የለውም፤ ብቻ ልጁን ሳትጠይቁ አታድርጉት፣ ድሬ ትንሽ ናት፣ ቪዲዮው ቀድሞት አዲሱ ክፍል ሊደርስ ይችላል።