ቀለል ባላችሁ ቀን ተጠንቀቁ

ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያሳምም ሕመም) ወይም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ያለባችሁ ሰዎች፣ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሕመሙ በበረታበት ቀን ሳይሆን ቀለል ባላችሁ ቀን ነው። ያን ቀን ልብሱም ይታጠብ፣ እንጀራውም ይጋገር፣ ለቅሶም ይደረስ ይባላል። መዘዙ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል መነሻው ምን እንደሆነ ግራ ያጋባል። ስለዚህ ገና ሳይደክማችሁ አቁሙ። ሽንኩርቱን ተቀምጣችሁ ክተፉ፤ ግማሹን ልብስ ዛሬ፣ ግማሹን ከነገ ወዲያ እጠቡ፤ በመካከሉ ስልክ ሳትነካኩ ጋደም በሉ። የሠራችሁትንና ሕመሙ የተነሣበትን ቀን በደብተር ብትመዘግቡ አቅማችሁ እስከ የት እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

«ስፖርት ሥሩ፣ ይለቃችኋል» የሚለው ምክር ለሁሉም አይሠራም። ለፋይብሮማያልጂያ ቀስ በቀስ የሚጨመር የእግር ጉዞ ይረዳል። ከእንቅስቃሴ በኋላ ለሚብሰው የድካም ሕመም ግን የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ በደረጃ የሚጨመር ስፖርት እንዳይታዘዝ አድርጓል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ ከሐኪም ጋር ለዩት።

ቤተሰቦችም እባካችሁ፣ ትናንት ቆማ ስትጋግር የዋለችውን ዛሬ ብትተኛ «ሰነፈች» አትበሏት።